«ዓለም የተጻፈችው በጂኦሜትሪ ነው» ለሚለው ጽሑፍ መልስ፦ እስቲ መጀመሪያ ይለካ

ሰሞኑን ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ያነበበው «ዓለም የተጻፈችው በጂኦሜትሪ ነው» የሚል ጽሑፍ ለኔም ደርሶኛል፣ አንዱ ጓደኛዬማ «አንተ ለኪ ነህ፣ ይሄ ያንተ ነው» ብሎ ነው የላከልኝ። አነበብኩት። አጻጻፉ ያምራል፣ ቋንቋውማ ከኔ ይሻላል። ሀሳቡ ግን ከላይ እስከ ታች ሜትር ያልነካው ነው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ እንዲህ ይላል። አንደኛ፣ የጥንቱ ግሪካዊ የኤውክሊድ ጂኦሜትሪ የዩኒቨርስ ፊደል ነው፣ የሦስት ማዕዘን ድምር የትም ብትሄድ 180 ዲግሪ ነው፣ ይሄንንም ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት አረጋግጦታል። ሁለተኛ፣ ወርቃማው ሬሾ የሚባለው (ረጅሙ ለአጭሩ ሲካፈል የሚመጣው) 1.618 በዛጎል ውስጥም በሰው ፊትም በላሊበላም አለ። ሦስተኛ፣ የሰማይ ተመራማሪው ኬፕለር ሰማይን ያወቀው ንጹህ ቅርጾችን በማሰብ ነው። አራተኛ፣ ዓይናችን እንደ ካሜራ ቅርጽን እንዳለ ነው የሚያስገባው፣ ሁሉም ሰው እኩል ያያል፣ አንጎላችን ውስጥም ኖቤል ያሸለመ ባለ ስድስት ጎን መረብ ተገኝቷል፣ ይሄም የጂኦሜትሪ «ማህተም» ነው። አምስተኛ፣ ጂኦሜትሪ ያልተማረ ሕዝብ ረቂቅ ነገር ማሰብ አይችልም። ስድስተኛ፣ አእምሮና ቅርጽ አንድ ስለሆኑ ሪያሊቲ የአእምሮ ነጸብራቅ ነው፣ ሀሳብህን ስትቀይር ዓለም ይቀየራል።

አንደኛውና ስድስተኛው እርስ በርስ እንደሚጣሉ ልብ ብላችኋል? ፊደሉ ከኛ ውጪ ተጽፎ ያለቀ ከሆነ እኛ ስላሰብን እንዴት ነው የሚቀየረው? ወንድማችን እነዚህን ሁለቱን የት ጋ እንዳስታረቃቸው ፈልጌ አጣሁት። ለማንኛውም በየተራ እንሂድ፣ ዘመኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የ180 ዲግሪው ነገር

እንጀራዬ ቅየሳ ነው፣ ሳይት ላይ ሰርቬየር ነው የምንባለው። እና አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ ማንም ሰርቬየር የሚያውቀውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሁለት ችካሎች መሀል በቶታል ስቴሽን (ርቀትና ማዕዘን በምንለካበት መሣሪያ) ለክታችሁ ልክ 1000 ሜትር ብታገኙ፣ የነዛኑ ችካሎች ኮኦርዲኔት ከካርታው ላይ ወስዳችሁ ርቀቱን ስታሰሉት 999.2 ሜትር ገደማ ይመጣል። ወደ 80 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ጠፋ ማለት ነው። ማንም አልሰረቀውም፣ መሣሪያውም አልተበላሸም። ግማሽ የሚሆነው የጠፋው ከተማዋ ከባሕር ወለል 2300 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች ነው፣ ካርታው የሚሠራው ግን ርቀቱን ወደ ታች ወደ ባሕሩ ልክ አውርዶ ነው፣ ከፍ ባልክ ቁጥር ደግሞ የምድር ክብ ይሰፋል። ሌላው ግማሽ የጠፋው ጎባጣውን መሬት ዝርግ ወረቀት ላይ ለማሳረፍ ዩቲኤም የሚባለው አሠራር በ39ኛው ዲግሪ መስመር ላይ ሁሉንም ርቀት በ0.9996 ስለሚያባዛው ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ እዛው መስመር አጠገብ ናት።

በዚህ ላይ አሮጌው ካርታችን የተሠራው አዲንዳን በሚባለው መነሻ ነው፣ ስልካችሁ ላይ ያለው ጂፒኤስ ደግሞ በሌላ መነሻ ነው የሚሠራው፣ ሳትቀይሩ ብታደባልቁት የአንድ ግቢ ጥግ ከ200 ሜትር በላይ ተንሸራቶ ሰው ቤት ውስጥ ይገባል። ታዲያ የዩኒቨርስ ፊደል የትኛው ነው? ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ሁለቱም ሰው ለሥራ የመረጣቸው ቅርጾች ናቸው፣ ትክክል የሚያደርጋቸውም መሬት ላይ ወርደህ ስትለካ መግጠማቸው ነው።

ሦስት ማዕዘኑም እንደዛው። የሂሳብ ሊቁ ጋውስ ጀርመን ውስጥ ሦስት ተራሮችን አገናኝቶ የለካው ትልቅ ሦስት ማዕዘን አለ፣ ረጅሙ ጎን 107 ኪሎ ሜትር ነው። ምድር ክብ በመሆኗ ብቻ የዚህ ሦስት ማዕዘን ድምር ከ180 ዲግሪ ወደ 15 ሰከንድ ይበልጣል (የማዕዘን ሰከንድ ነው የምለው፣ የዲግሪ 3600ኛ)። ወንድማችን «እሱማ የምድር ገጽ ነው፣ እኔ የማወራው ስለ ሕዋው ነው» ሊለኝ ይችላል። ጥሩ። በግንቦት 1919 ፀሐይ ስትጋረድ አንዱ ቡድን ፕሪንሲፔ ደሴት ሌላው ብራዚል ሶብራል ሄደው በፀሐይ ጠርዝ ያለፈውን የከዋክብት ብርሃን ለኩ፣ የአይንስታይን ጎባጣ ሕዋ 1.75 ሰከንድ ይጠማዘዛል ይል ነበር፣ የድሮው ስሌት ግማሹን፣ ልኬቱ ወደ አይንስታይን ነው ያደላው።

ካንትን በተመለከተ ካንት «አረጋገጠ» የሚባል ነገር የለም። በ1781 ባሳተመው መጽሐፍ ያለው፣ ሕዋ ከልምድ በፊት አእምሯችን ውስጥ ያለ ማያ ነው፣ ጂኦሜትሪም ከዛ ነው የሚቀዳው ነው፣ ትልቅ ሀሳብ ነው፣ እኔም ግማሹን እቀበለዋለሁ። ግን በ50 ዓመት ገደማ ውስጥ ሩሲያ ካዛን ላይ ሎባቼቭስኪ፣ ሀንጋሪ ላይ ወጣቱ ቦያይ ትይዩ መስመሮች ላይ የኤውክሊድን ሕግ የሚጥስ ግን ውስጡ ምንም ቅራኔ የሌለበት ሌላ ጂኦሜትሪ ሠርተው አወጡ። የቦያይ አባት ራሱ የሂሳብ ሰው ነበር፣ ይሄን የትይዩ መስመር ጣጣ ተወው ሕይወትህን ይበላዋል ብሎ ልጁን ለምኖት ነበር፣ ልጁ አልሰማም፣ ደግ አደረገ።

ለፍትህ ያህል አንድ ነገር ልጨምርለት። ዩኒቨርስ በትልቁ ሲታይ፣ ከቢግ ባንግ በተረፈው ጨረር ሲለካ፣ ከ1 ፐርሰንት ባነሰ ልዩነት ዝርግ ነው። ማለትም በዛ መጠን ኤውክሊድ ያሸንፋል። ግን ይሄ የታወቀው ሳተላይት ተልኮ ነው እንጂ ቁጭ ተብሎ ታስቦ አይደለም፣ ውጤቱም ሌላ ሊሆን ይችል ነበር።

ወርቃማው ሬሾ

ይሄን ቶሎ ልለፈው፣ ምክንያቱም ስንቴ ተመልሶለት ስንቴ ከሞት የሚነሳ ነገር ነው። ናውቲለስ የሚባለው የባሕር እንስሳ ዛጎል ፎቶ ላይ ወርቃማ ጥምዝ ይደርቡበታል አይደል? ወርቃማው ጥምዝ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር 6.85 እጥፍ ያድጋል፣ ናውቲለሱ ግን 3 እጥፍ አካባቢ ነው። አይቀራረቡም። ኪሳችሁ ያለው የኤቲኤም ካርድ 85.6 በ53.98 ሚሊ ሜትር ነው፣ አካፍሉት፣ 1.586 ይመጣል፣ «ለወርቃማው ቅርብ ነው» ተብሎ ስንት ጽሑፍ ይጻፍበታል መሰላችሁ። ዘዴው ይሄ ነው፦ ብዙ መስመር ያለው ነገር ምረጥ፣ ከፈለግከው ጠርዝ እስከ ፈለግከው ጠርዝ ለካ፣ ከ1.5 እስከ 1.7 የመጣውን ሁሉ «ወርቅ» በለው፣ ያልመጣውን ዝም በል።

ላሊበላን ደሞ። ቤተ ጊዮርጊስ እኮ ክንዶቹ እኩል የሆኑ መስቀል ነው! ጣሪያው ላይ ያሉት አንዱ ባንዱ ውስጥ የተቀረጹት ሦስት መስቀሎችም እንደዛው። እኩል ለእኩል 1 ነው፣ 1.618 አይደለም። በጣም የሚደነቅ የራሱ ጂኦሜትሪ ያለውን ሥራ የሌላ ሰው ቁጥር ካልለጠፍንበት አይከበርም እንዴ? ስለሱ ወደ በኋላ እመለሳለሁ። የሱፍ አበባው ግን እውነት ነው፣ ፍሬዎቹ በ137.5 ዲግሪ እየዞሩ ነው የሚበቅሉት፣ ይሄም ከወርቃማው ሬሾ ይወጣል፣ ምክንያቱ ደሞ የታወቀ ነው፣ አዲስ ፍሬ ቦታ የሚያገኘው ከቀደሙት ተገፍቶ ራቅ ሲል ነው። ምክንያት ያለው ነገርና ፎቶ ላይ የተደረበ ነገር አንድ ላይ መደርደር የለበትም።

ኬፕለር፣ እዚህ ጋ ቆም እንበል

በጽሑፉ ውስጥ በጣም የገረመኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም የኬፕለር ታሪክ ወንድማችን ከሚለው በትክክል ተቃራኒውን ነው የሚናገረው። በ1595 ኬፕለር ግራዝ ከተማ ሂሳብ የሚያስተምር የ23 ዓመት ልጅ ነበር። ያኔ የሚታወቁት ፕላኔቶች ስድስት ናቸው፣ በመሀላቸው አምስት ክፍተት አለ፣ ፊታቸውም ማዕዘናቸውም ሁሉ እኩል የሆኑ ጠጣር ቅርጾች ደሞ አምስት ብቻ ናቸው፣ ከዛ የሚበልጥ እንደሌለ ኤውክሊድ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ዘግቶታል። ስድስት ፕላኔት፣ አምስት ክፍተት፣ አምስት ቅርጽ። ልጁ አበደ በሉት። ሳተርንና ጁፒተር መሀል ኪዩብ፣ ጁፒተርና ማርስ መሀል ባለ አራት ፊቱን፣ እያለ አንዱን ባንዱ ውስጥ ሰካካቸው፣ ርቀቱም በግምት ገጠመ፣ በ1596 መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። እውነት እውነት እላችኋለሁ ከዚህ የሚያምር ሀሳብ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ጥቂት ነው። ወንድማችንም እዚህ ጋ መጽሐፉን ከድኖ «አያችሁ፣ አእምሮ ቅርጽን አስቦ ሰማይን አገኘ» ይለናል።

ግን ታሪኩ እዚህ አያልቅም። ኬፕለር ፕራግ ሄዶ የታይኮ ብራሄን የማርስ ልኬቶች ያዘ። ታይኮ ቴሌስኮፕ ሳይፈጠር በባዶ ዓይኑና በትላልቅ የብረት መሣሪያዎች ዕድሜ ልኩን ሰማይ ሲለካ የኖረ ሰው ነው። ኬፕለር ክብ መንገድ ይዞ ዓመታት ለፋ፣ አሰላ፣ ቀያየረ፣ በመጨረሻ ከታይኮ ልኬት ጋር ልዩነቱን 8 የማዕዘን ደቂቃ አደረሰው። 8 ደቂቃ ማለት የሙሉ ጨረቃ ስፋት ሩብ ገደማ ነው። የድሮዎቹ ልኬቶች እስከ 10 ደቂቃ ይስቱ ስለነበር ይሄን ይዞ ቢያሳትም አንድም ሰው ቀና ብሎ አያየውም ነበር። እሱ ግን ታይኮን ያውቀዋል፣ ያ ሰው 8 ደቂቃ አይስትም። ስለዚህ ሁለት ሺህ ዓመት ፍጹም ሲባል የኖረውን ክብ ጣለው፣ በ1609 ባወጣው መጽሐፍ ማርስ የምትዞረው ሞላላ መንገድ ላይ ነው አለ። ሞላላ! ፀሐይም መሀሉ ላይ አይደለችም፣ ወደ አንድ ጎን ተገፍታ ነው ያለችው። ለዛ ዘመን ሰው ዓይን የሚያስቀይም ነገር ነው።

ይሄ እኮ ነው ሙሉ ክርክሬ። ቅርጹን የሚያመጣው አእምሮ ነው፣ እሱን አልክድም፣ ሞላላንም ያጠኑት ግሪኮቹ ናቸው፣ ያለነሱ ኬፕለር የሚሞክረው ነገር አይኖረውም ነበር። ግን የቀረበው ቅርጽ ላይ እሺ ወይም እምቢ የሚለው ልኬቱ ነው፣ ልኬቱ እምቢ ሲል ደሞ ቅርጹ ምንም ያህል ቢያምር ይሄዳል። ሰው ሆኖ ግን ኬፕለርም የልጅነት ፍቅሩን አልተወም፣ በ1621 ያንኑ የአምስቱን ቅርጾች መጽሐፍ እንደገና አሳተመው። ነገሩን የጨረሰው የሰማይ ተመራማሪው ኸርሼል ነው፣ በ1781 ኡራነስን ሲያገኝ ፕላኔቶቹ ሰባት ሆኑ፣ ስድስተኛ ቅርጽ ደሞ የለም። 1781 የካንትም መጽሐፍ የወጣበት ዓመት ነው፣ እንዲህ ያለ መገጣጠም እነ ወንድማችን ቢያገኙት አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ዓይን ካሜራ ነው?

አይደለም። ዛሬ ማታ ራሳችሁ ሞክሩት። ጨረቃ ስትወጣ ከአድማሱ ላይ ትልቅ ሆና ትታያለች፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ በትንሿ ጣታችሁ ጋርዷት፣ ከዛ ከሰዓታት በኋላ አናት ላይ ስትደርስ እንደገና ጋርዷት፣ ጣታችሁ ሁለቴም እኩል ይሸፍናታል። ጨረቃዋ ያው ግማሽ ዲግሪ ናት፣ ያሳደጋትም ያሳነሳትም አንጎላችሁ ነው።

ከዚህ የሚብስም አለ። በ1913 ብሉመንፌልድ የሚባል ተመራማሪ ሰዎችን ጨለማ ክፍል አስገብቶ ከፊታቸው የተደረደሩ ትንንሽ መብራቶችን መጀመሪያ «ትይዩ እስኪመስሏችሁ አስተካክሉ» አላቸው፣ ቀጥሎ «በየጥንዱ መሀል ያለው ስፋት እኩል እስኪመስላችሁ አስተካክሉ» አላቸው። በኤውክሊድ ከሄድን ሁለቱ ትእዛዞች አንድ ናቸው፣ ትይዩ ማለት ስፋቱ የማይለወጥ ማለት ነውና። ሰዎቹ ያስቀመጧቸው ሁለት ድርድሮች ግን አልገጠሙም። የምናየው ሕዋ ራሱ ኤውክሊዳዊ አይደለም ማለት ነው፣ ይሄን ነገር መጀመሪያ ሳነበው ቀን ሙሉ አልለቀቀኝም።

ሁሉም ሰው እኩል ያያል የሚለውም አይቆምም። ጫፋቸው ላይ ቀስት ያላቸው ሁለት እኩል መስመሮች አሉ፣ ቀስቱ ወደ ውስጥና ወደ ውጪ ሲሆን አንዱ የሚረዝም ይመስላል፣ ሙለር ላየር በ1889 ያወጣው ነው። በ1966 የታተመ ጥናት ይሄንን በአፍሪካ፣ በፊሊፒንስና በአሜሪካ ሰዎች ላይ ሞክሮ በጣም የሚሸወዱት አሜሪካኖቹ ሆኑ፣ ካላሃሪ በረሃ ያሉት ሳን የሚባሉ ሕዝቦች ግን እምብዛም አልተሸወዱም። ምክንያቱ ላይ እስካሁን ክርክር አለ፣ ማዕዘን የበዛበት ቤት ውስጥ ማደግ ነው የሚሉ አሉ፣ ልዩነቱ መኖሩ ግን በቂ ነው።

ስለ ባለ ስድስት ጎኑ መረብ፣ የኖቤሉ ታሪክ እውነት ነው። በ2005 ኖርዌይ ውስጥ የሞዘር ባልና ሚስት ቡድን አይጥ ሳጥን ውስጥ ስትንቀሳቀስ አንዳንድ የአንጎሏ ሴሎች በባለ ስድስት ጎን አቀማመጥ በተደረደሩ ቦታዎች ላይ ብቻ እንደሚነሱ አገኘ፣ በ2014 ከሌላው ተመራማሪ ከኦኪፍ ጋር ኖቤል ተሸለሙ። ግን «ማህተም» አይደለም። ሳንቲሞች ጠረጴዛ ላይ ገፋ ገፋ አድርጋችሁ ብታጠጋጓቸው እያንዳንዱ በስድስት ይከበባል፣ ቦታን በቁጠባ መሸፈን ወደዛ ነው የሚወስደው። ደሞ በ2015 የወጣ ጥናት ሳጥኑን ካሬ መሆኑን ትቶ አንድ ጎኑን ሲያጠበው የአይጧም መረብ አብሮ ተጣመመ። ከሰማይ የወረደ የማይለወጥ መረብ ቢሆን ኖሮ ለክፍሉ ግድግዳ ብሎ አይጣመምም።

«ያልተማረ አያስብም»

እዚህ ጋ ትንሽ ተናድጃለሁ። በ2006 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ፣ አማዞን ውስጥ ለሚኖሩ ሙንዱሩኩ ለሚባሉ ሕዝቦች ስድስት ስድስት ሥዕል እያሳዩ «የተለየውን አሳዩን» አሏቸው፣ አምስቱ ለምሳሌ ቀጥ ያለ ማዕዘን አላቸው፣ አንዱ የለውም። ትምህርት ቤትም ሜትርም ኮምፓስም በቅጡ የማያውቁ ሰዎች ናቸው። በዕድል ቢሆን 16.6 ፐርሰንት ነበር የሚያገኙት፣ ያገኙት ግን 66.8 ነው።

የኛንም አገር ጉዳይ ልጨምር። በ1972 የታተመ ጥናት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለሚኖሩ ሥዕል እምብዛም አይተው ለማያውቁ ለሜኤን ሰዎች የእንስሳ ሥዕል አሳያቸው። ወረቀት ሲሰጣቸው አንዳንዶቹ ያሸቱታል፣ ያሹታል፣ ሥዕሉን ከቁብ አይቆጥሩትም። ወንድማችን እዚህ ብቻ ቢያነብ «አያችሁ» ይል ነበር። ግን ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተለቅ ተደርጎ ሲቀርብ አብዛኞቹ እንስሳውን ለዩት። እንግዳው ነገር ወረቀቱ ነበር፣ ማሰቡ አይደለም። ፈታኙ ዕቃውን ባይቀይር ኖሮ «አይችሉም» ተብሎ ተጽፎ ይቀር ነበር።

ላሊበላ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። እነዛ ቤተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ከላይ ወደ ታች ነው። ግንብ ስትሠራ የተጣመመ ድንጋይ አንስተህ ሌላ ታስቀምጣለህ፣ ወጥ ድንጋይ ስትፈለፍል ግን የቆረጥከውን አትመልሰውም፣ ስለዚህ ጣሪያውን ስትጀምር የመስኮቱና የዓምዱ ቦታ ጭንቅላትህ ውስጥ መኖር አለበት። ይሄ ረቂቅ ማሰብ ካልሆነ ምንድነው? ጥለት የሚጥለው ሸማኔም ማዕዘኑን የሚያወጣው ክር ቆጥሮ ነው፣ ሳይት ላይ ደሞ አምስተኛ ክፍል ያላለፈ ግንበኛ በሲባጎ 3፣ 4 እና 5 ሜትር ይዞ ማዕዘን ሲያወጣ በስኳድራ ብትፈትሹት አይዛነፍም፣ የፓይታጎረስን ስም ጠይቁት፣ አያውቀውም።

«ሪያሊቲ ኢሉዥን ነው»

ከላይ ራሴ «የምናየውን አንጎል ነው የሚሠራው» ስላልኩ አንዳንዱ «ታዲያ ወደ ስድስተኛው ነጥብ መጣህለት» ሊለኝ ነው። አልመጣሁም። ጨረቃን አንጎሌ ያሳድጋታል፣ ጣቴ ግን ያው ግማሽ ዲግሪ ነች ይለኛል። ግንዛቤ መሳሳቱን ያወቅነው ከግንዛቤ ውጪ የሚመልስ ነገር ስላለ ነው።

ጂፒኤስን ውሰዱ። ሳተላይቶቹ ላይ ያሉት ሰዓቶች መሬት ላይ ካሉት በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ይቀድማሉ፣ ከመሬት ስለራቁ 45 ይቀድማሉ፣ ስለሚፈጥኑ 7 ወደ ኋላ ይቀራሉ። የአይንስታይን ጂኦሜትሪ ተሰልቶ ካልተስተካከለ በአንድ ቀን ውስጥ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ስህተት ይከማቻል። ታክሲ በስልክ ጠርታችሁ ሾፌሩ በራችሁ ላይ ሲደርስ ማንም ሀሳቡን አልቀየረም፣ ሾፌሩ ስለ ጎባጣ ሕዋ ሰምቶም ላያውቅ ይችላል፣ ማይክሮ ሰከንዶቹ ግን ግድ የላቸውም። በሀሳብ የሚቀየር ዓለም ቢሆንማ ስንት የአጥር ክርክር ሲያጋጥመኝ ሁለቱም ጎረቤቶች ከልባቸው አምነው ድንጋዩ የኔ ነው ሲሉ ድንጋዩ ሁለት ቦታ መገኘት ነበረበት።

ወንድማችን ክፍል ሁለት እንደሚጽፍና ስለ ላሊበላ «የተሰወረ ቁጥር» በዝርዝር እንደሚያወጣ ቃል ገብቷል። አነበዋለሁ፣ ቃሌን እሰጣለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ 1.618 ያገኘበትን ከየትኛው ጠርዝ እስከ የትኛው ጠርዝ እንደለካ፣ በምን እንደለካ፣ ስንት ሜትር ከስንት ሳንቲ እንደመጣ ይጻፍልን፣ ለክቶ 1.618 ያልመጣለትንም ጠርዝ ሁሉ አብሮ ያስቀምጥ፣ ያኔ እኔም መሣሪያዬን ይዤ እዛው ሄጄ እለካለሁ።